ካርታ የሌለው ቤት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያከትም፣
ጠጠሩ ሲቀጥል፣ መብራቱ ሲደክም፣
በአንድ ሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት አለ፣
ከጎረቤት ቆጣሪ አምፖል የቀጠለ።
ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣
ሁለቴ አፍርሰውት የተሠራ ዘንድሮ።
ቤቱ ካርታ የለው፤
ጠረጴዛው ላይ ነው ካርታው የሞላው።

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ፖከር ነው ጨዋታው።
ጠረጴዛው የበር ሳንቃ፣ በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ፣
ብርድ ልብስ የለበሰ፣ በሲጋራ የታተመ።
ሽብሩ፣ በሲኖትራክ አሸዋ የሚያመላልስ፣
መሐሪ፣ በር በያጁ፣ ሳያዝን የሚያለቅስ፣
ዱጉማ፣ የእርሻው ካሳ በኪሱ ገና ያልደረቀ፣
እኔ ለሳኙ፣ ጥፍሬ ሥር ጂፕሰም ያልለቀቀ።
አምስተኛው አይጫወትም፤ ካርታ ያድላል፣
ከየዙሩ ሃምሳ ብር «ለአምፖሉ» ይላል።
ስሙ በላቸው ነው፤
እናቱ ስታወጣው፣ መቼም ይህን ማታ አይደለም ያየችው።
እጁስ! ሲበውዘው፣ እርግብ ይመስል ካርታው
ፍርርር ብሎ ተነሥቶ ይወርዳል ከቦታው።

ሦስት ቅዳሜ በላሁ።
ሦስት ቅዳሜ እየሳቅሁ ወደ ቤቴ ገባሁ፣
ለልጄ ጫማ፣ ለሚስቴ ሻሽ፣ ለራሴ ስልክ ገዛሁ፣
«እድሌ ቀና» ብዬ ሻማም አበራሁ።

በአራተኛው ነው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሲሆን፣
አውራ ጣቴ ያገኘው፣ ዓይኔ ያላየውን።
የለሳኝ ጣት ነዋ!
ግድግዳ ዳብሶ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የሚለይ በጨለማ።
አሱን ስዳብሰው፣ ከጀርባው፣ ከጥጉ፣
አንዲት የጥፍር ጭረት፤
ለንጉሡ ሁለት፣
እንደየማዕረጉ።

አቀረቀርኩና እጁን ብቻ አየሁ፤
ከላይ ለዱጉማ፣ ከሥር ለኔ ሲያወጣ ለየሁ።
እድል ያልኩት ለካ የሰው ጥፍር ኖሯል፣
ሻማ ያበራሁለት ማዶ ተቀምጧል።

ምን ይባላል እንግዲህ? «ሌባ!» ብዬ ልነሣ?
ሽብሩ ክሪክ ይዞ፣ ዱጉማ ዱላ ሲያነሣ፣
መጀመሪያ የሚጠየቅ፣ ብሩ ፊቱ የተቆለለው አይደል?
ሌባ የሚጠቁም ጣት፣ ቅባቱ ካልለቀቀው፣ ማን ያምነዋል?

«ቁረጥ» አለኝ በላቸው፣ ካርታውን አስጠግቶ።
ቆረጥኩ።
ሁለት አስ ደረሰኝ።
ዱጉማ ሦስት ሺህ አስያዘ፣ ላብ ግንባሩን ሞልቶ።
ደፍቼ ወረወርኳቸው፣ ለማንም ሳላሳያቸው።
«ፓስ» አልኩ።
ዓይኑን አነሣ በላቸው።

ወደ አስፋልቱ ስወርድ ከኋላዬ ደረሰ፣
ነጠላ ጫማውን እየጎተተ፣ እየሳለ፣ እየተነፈሰ።
«ግማሹ የኔ ነው፤ የሦስቱ ቅዳሜ። ባልነግርህም ታውቃለህ።»
«አላውቅም» አልኩት።
«ዛሬ አወቅህ» አለ። «እንግዲህ አለብህ።»

ስልኩን ሰጠሁት።
ጫማው ልጄ እግር ላይ ነው፤ እሱን እንዴት ላውልቀው?
ሻሹም ከሚስቴ ራስ፤ ምን ብዬ ልፍታው?

በሳምንቱ ሄድኩ፤
ከሱቅ የገዛሁትን፣ ፕላስቲኩ ያልተነካ አዲስ ካርታ ሳንቃው ላይ ጣልኩ።
«በዚህ እንጫወት» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩ።
መሐሪ ዓይኑን ጠረገ። ሽብሩ ወሬውን አቆመ።
አሮጌውን ማንም አልጠራው፤ በላቸውም አልተቃወመ፤
ቀደደው፣ በወዘ፤ እርግቧ አልበረረች፣
በለስላሳው ጀርባ ላይ ጥፍሩ ተንሸራተተች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ ጥሩ ተረት ነበር።

ዱጉማ ተበላ።
በንጹሕ ካርታ፣ ያለ ጭረት፣ ያለ ሸፍጥ፣ ያለ ሌላ፣
የበሬ ግንባር የምታህል የቀረችው ካሳ፣
ሄደች፣ እሱም ሄደ፣ ኮቱን እንኳ ሳያነሣ።
አንዴ ማኅተም ባለው፣ አንዴ ሥዕል ባለው፣
ያንን መሬት ካርታ ሁለት ጊዜ በላው።

የበላሁትም እኔ ነኝ። በሐቅ።
ሌሊቱን ብሩን እያገላበጥኩ፣ በአምፖል፣ በሻማ፣ በጨለማ፣
ጀርባውን ዳበስኩ፣ ጥጉን ዳበስኩ፤
አውራ ጣቴ ምንም አላገኘም።